አርባ ሦስት ብዬ የጻፍኩት

ዓመቱ 2005 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እኔ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ በመታወቂያዬ ግን ስድሳ አንድ። ስምንቱን ዓመት የሰረቀኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የጣልኳቸው። በ1991 አዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለምናደርገው ጉዞ ስንመዘገብ ከፊቴ የተሰለፈው ሰው ዞር አለና «ዕድሜህን ዝቅ አድርገው፤ እዚያ ለሽማግሌ ሥራ አይሰጡም አሉ» አለኝ። እኔም አምሳ አምስቱን አርባ ሰባት አልኩት። መዝጋቢው ቀና ብሎ ፊቴን እንኳ ሳያይ ጻፈው። እናቴ እኔን የወለደችኝ ጣሊያን ጎንደር በገባበት ዓመት መሆኑን አገር ያውቃል፤ አገሩ ግን ሊመሰክርልኝ አብሮኝ አልመጣም።

እናም ጡረታ ወጥቼ መቀመጥ ሲገባኝ በወረቀቱ ገና ስድስት ዓመት ይቀረኝ ነበር። ስድስቱን ዓመት ሦስት ቦታ ሠርቼ ጨረስኳቸው። አሁን የምጽፈው ስለ መጀመሪያው ቦታ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነው፤ አጻጻፌ ካነከሰ አንባቢ ደግፎ ያሻግረው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቦታው አሽዶድ፣ ከወደቡ ወዲህ በፋብሪካው ሰፈር ያለ ወርክሾፕ ነበር። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች በርካሽ ይገዛል፣ ያጸዳል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ መልሶ ይሸጣል። መጀመሪያ የገባሁት ለጽዳት ነው። አንድ ቀን ኢንጂነሯ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ጠራችኝ። ከሩሲያ የመጣች፣ አምሳን ያለፈች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ ሴት ናት። በአገሯ ቤት በሚያክሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሠርታለች። እዚህ ስትመጣ ግን ይህን ሥራ እስክታገኝ ድረስ የሰው ደረጃ ስትወለውል ነው የኖረች። እናቷን ይዛ ብቻዋን ትኖራለች።

«ሳባ» አለችኝ። በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። «ቁጥር ታነባለህ?»

«ቁጥር የማያነብ ማን አለ?»

«ቁጭ ማለትስ ትችላለህ? ዝም ብሎ ቁጭ?»

«ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ሌላ ምን ሠራሁ?» አልኳት።

ሳቀች። በዚያው የፈተናው ክፍል ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ብረት ነው፤ ዕቃ እንዳይሰረቅ ተብሎ በካርድ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ከውስጥም ከውጭም። ካርድ ደግሞ ለእኔ አልተሰጠኝም። ለሽንት እንኳ ደወል ተጭኜ፣ ሰው መጥቶ እስኪከፍትልኝ በአንድ እግሬ እየቆምኩ ነው የምጠብቀው። ማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ማለቴ ነው፣ ያለ ዕረፍት ይነፋል። ውጭ የባሕሩ ወበቅ የሰውን ሸሚዝ ከገላው ሲያጣብቅ እኔ ውስጥ ካፖርት ለብሼ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን በሩ ከኋላዬ ድም ብሎ ሲዘጋ፣ ስድስት ዓመት፣ እላለሁ። ሌላ አልልም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ዲስኩን ታስገባለህ፣ አንድ አዝራር ትጫናለህ፣ ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ ማሽኑ የተሰጠውን ሒሳብ ሠርቶ ሲጨርስ አንድ ቁጥር ያወጣል። ከስድስት መቶ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ወረቀት ትለጥፍበታለህ፣ በታች ከሆነ ቀይ። ቁጥሩንም በደብተር ትጽፋለህ። ኢንጂነሯ ስታስረዳኝ እንዲህ አለች፦

«ሻጩ ያለውን አንሰማም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውንም አናይም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ እንሰጣለን። ቶሎ የጨረሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። በቃ።»

«እኔ ጆሮዬን ነው የማምን» አልኳት።

እኔ የባለ እጅ ልጅ ነኝ፤ ራሴም ብረት ቀጥቅጬ ልጅ አሳድጌያለሁ። አባቴ ማረሻውን በጠፍር አንጠልጥሎ በመዶሻ ጫፍ ነካ ያደርገውና ጆሮውን ይጥላል። ድምፁ ከረዘመ ደህና ነው፤ ከታፈነ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ማሽን ማለትም ያው ብረት አይደለም? ሲጮኹ የሚውሉትን በጆሮዬ መለየት ጀመርኩ። የሚያንኳኳ አለ፣ የሚያፏጭ አለ፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም አለ።

አንድ ቀን አንዱን ማሽን ከፍቼ ባዳምጥ ጸጥ ያለ። ትንፋሹ የለም። «ይሄ የሁሉም አለቃ ነው፤ ፈተና አያሻውም» አልኳት።

«እንወራረድ?» አለች።

«በምን?»

«የተረታ ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ያፈላል።»

ዲስኩን አስገባን። ሃያ ደቂቃ ያልነው አንድ ሰዓት ሊሞላ ሆነ። የወጣው ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥር። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ኢንጂነሯ ክዳኑን ፈታችና ጣቷን ቀሰረች። ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ ቆሟል። ማሽኑ ጸጥ ያለው ጤነኛ ሆኖ አይደለም። እንዳይቃጠል ብሎ ልቡ ራሱን አዘግይቶ፣ እያዘገመ ነበር።

«ጆሮህ ሞተርን ሰማ» አለችኝ፤ «ሥራውን ግን አልሰማም። ሻዬን በሁለት ስኳር።»

ሳምንቱን ሙሉ አፈላሁ። ከዚያ ወዲህ በቁጥሩ አመንኩ። እኔ ደግሞ ካመንኩ አመንኩ ነው። ከቁጥር ሌላ ወሬ አልሰማም አልኩ። ሠራተኛው ሁሉ «ሳባ፣ የእኔ ነጥብ ስንት ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁን «አንተ ሦስት መቶ፣ ቀይ» ብየው እሱም ስቋል።

በዚያው ሰሞን ሴት ልጄ የማታ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር አስፈለጋት። እኔም ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን ቁጥር መረጥኩላት። ዘጠኝ መቶ አርባ! ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሮቫ ዛይን እስከሚባለው ሰፈሯ ድረስ በአውቶቡስ ታቅፌው፣ ሦስት ፎቅ በትከሻዬ አወጣሁት። በሳምንቱ ልጄ መጣችና፦

«አባ፣ ይሄ የሰጠኸኝ ነገር ተኝቷል።»

«እንዴት ይተኛል? ዘጠኝ መቶ አርባ ነው።»

«መቶ ሺ ይሁን። አንድ ጽሑፍ እስኪከፍት እኔ እጄን ታጥቤ እመለሳለሁ። የጎረቤታችን እኮ ከመንገድ የለቀሙት ነው፣ ቱር ብሎ ነው የሚከፍት።»

«ያንቺ ነው ጥፋቱ፤ አልቻልሽበትም» አልኳት። አዎ፣ እንዲህ አልኳት። ከቁጥሩ ይልቅ ልጄን ተጠራጠርኩ።

በማግስቱ ለኢንጂነሯ ብነግራት አልገረማትም። «ቁጥሩ አልዋሸህም» አለች። «ሒሳብ ሲያሰላ ፈጣን ነው። ሒሳብ ብቻ ነው የጠየቅነው። ጽሑፍ ለመክፈት ግን ከጎተራው፣ ሁሉ ነገር ከሚቀመጥበት፣ አውጥቶ ማምጣት አለበት። የልጅህ ማሽን እጁ ፈጣን ነው፣ ጎተራው ግን አርጅቷል፣ በሩ አይከፈትለትም። ጎተራውን በዚያ ዲስክ አልፈተንነውም።»

«ታዲያ ለምን አልፈተንነውም?»

«ሁሉን ብንፈትን በቀን ሁለት ማሽን አናወጣም። ሥራ አስኪያጁ ሃያ ይፈልጋል።»

ጎተራውን ቀየረችልኝ፤ የልጄም ማሽን ነቃ። ልጄን ይቅርታ አልጠየቅኋትም። እንዲሁ «ተሠርቷል» ብዬ አስቀመጥኩላት።

ከፋሲካ በፊት ማሽኖች እየተመለሱ ይመጡ ጀመር። አረንጓዴ የለጠፍኩባቸው፣ ነጥባቸው ያማረ፣ በየገዢው ቤት እየሠሩ ሳለ ቀጥ የሚሉ። ኢንጂነሯ ሥራ አስኪያጁን «ሃያ ደቂቃ ማንም ይሮጣል። ቁጥሩ ፍጥነቱን እንጂ መቋቋሙን አይነግረንም» አለችው። ተነጋገሩና ረጅም ፈተና ተሠራ። በየሳምንቱ ሠላሳ ማሽን መደርደሪያ ላይ ይደረደራል፤ ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሁሉም ይነሣሉ፤ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረስ ሳያቋርጡ ያሰላሉ። ስህተት የተገኘበት ማሽን ስክሪኑ ይቀላል፤ ያልተገኘበት አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። አርባ ሦስት ሰዓት ነው። ኢንጂነሯ በደብተሩ ላይ አዲስ መስመር አሰመረችልኝና «እሑድ አረንጓዴ ካየህ እዚህ ጋ አርባ ሦስት ብለህ ጻፍ» አለችኝ። እሷ ትፈርማለች።

እኔ ግን «ሰንበትስ?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቆሟል። «ሰንበትስ ምን?»

«እኔ የለኮስኩት ሠላሳ ማሽን ሰንበትን ሙሉ ሊሠራ ነው?»

«ሳባ፣ ኮምፒውተር አይሁዳዊ አይደለም።»

«ባለቤቱስ?»

ዙሪያው ሳቀ። ኢንጂነሯም አልተወችኝም። «ቤትህ ማቀዝቀዣ አለህ አይደል? ሰንበት ሲገባ ታጠፋዋለህ?»

«ማቀዝቀዣ ይጠብቃል እንጂ አይሠራም» አልኳት። እንደ እኔ ይህ መልስ እስከ ዛሬም ልክ ነው። እነሱ ግን በሳቅ ሞቱ፤ ሥራ አስኪያጁም «በል ዓርብ በሰባት ሰዓት ትለኩሰዋለህ፣ አለቀ» ብሎ ወጣ።

በአገር ቤት፣ በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ፣ ሰንበት ሳይገባ እሳት ይጠፋል። አይዳፈንም፤ ይጠፋል። አባቴ ዓርብ ከሰዓት ወናፉን ከቱቦው ፈትቶ ለየብቻ ያስቀምጥ ነበር፣ ነፋስ ገብቶበት እንኳ በሰንበት እንዳይተነፍስ። እዚህ አገር ሌላ ዓይነት ሕግ አለ፤ ቀድሞ የበራ ይብራ ይላሉ። ይበሉ። እኔ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ አዲስ ሰንበት ልማር አልችልም።

በመጀመሪያው ዓርብ ሌሎቹ በስድስት ሰዓት ወጡ። እኔ በሰባት ሰዓት፣ እንደታዘዝኩት፣ ሠላሳውን አዝራር አንድ በአንድ ተጫንኩ። ሠላሳው አረንጓዴ ሲበራ አየሁ። ከዚያ ሠላሳውን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ደወሉን ተጫንኩ፤ ዘበኛው ከፈተልኝ፤ «መልካም ሰንበት» ተባባልን።

እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥቼ፣ ገና ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዘበኛውን አስከፍቼ አስነሣኋቸው። እስከ ሁለት ሰዓት ሠሩ። በዚያ መሃል ሦስቱ ቀሉ። ቀይ ወረቀት ለጠፍኩባቸው። የቀሩት አረንጓዴ ናቸው፤ አርባ ሦስት፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ሦስት እያልኩ ጻፍኩ። በስክሪኑ ጥግ ላይ ፈተናው ከተነሣ ጀምሮ ደቂቃ የምትቆጥር ትንሽ ሰዓት ነበረች። ኢንጂነሯ ከመድረሷ በፊት ዲስኩን እያወጣሁ አጠፋኋቸው።

አውቅ ነበር ብል እዋሻለሁ። አላውቅም ነበር ብልም እዋሻለሁ። ሰነፉ ማሽን በሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱን ያጋልጣል፣ ቀሪው አርባ አንድ ሰዓት የኢንጂነር ጥንቃቄ ነው፣ ብዬ ነበር። ሦስት፣ አራት ማሽን በየእሑዱ ሲቀላልኝ ደግሞ «ይኸው ይሠራል» እል ነበር። ያቺን ትንሽ ሰዓት ግን ለምን እንደምሸሽጋት ራሴን አልጠየቅሁም። ከፋሲካ እስከ ነሐሴ እንዲህ ሆኖ ቆየ።

በነሐሴ ሠላሳ ማሽን ሮቫ ሔት በሚባል ሰፈር ውስጥ ላለ አንድ የሕዝብ አዳራሽ ተሸጠ፤ ለሴቶች የኮምፒውተር ትምህርት ነው። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግዶ ገባ። ኢንጂነሯ ከእኔ ጋር ነበረች።

«ዐሥራ አራት!» አለ። «ከሠላሳው ዐሥራ አራቱ! ትምህርቱ በሁለት ሰዓት ይጀመራል፣ አምስት ሰዓት ሲሆን አንድ በአንድ ቀጥ! አስተማሪዋ ስትጮህብኝ ዋለች።»

«አርባ ሦስት ሰዓት ሠርተዋል» አለች ኢንጂነሯ። ደብተሩን አነሣች። «ይኸው። ያለ አንድ ስህተት።»

«ፈተናሽን ቀቅለሽ ብይው! አርባ ሦስት ሰዓት የሠራ ማሽን ሦስት ሰዓት መሥራት አቃተው? ለማን ነው ይሄ የሚነገር?»

«አላውቅም። እመረምረዋለሁ።»

«እስከ ነገ ጠዋት። ምክንያቱን ነገ ትነግሪኛለሽ፤ ያለዚያ የስንብት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ። በቁጥር የሚጫወት ኢንጂነር እዚህ አያስፈልገኝም።» ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ አትጨነቅ ሳባ። አንተ የታዘዝከውን ነው የጻፍከው።»

ወጣ። በሩ ድም አለ።

ኢንጂነሯ ከተመለሱት አንዱን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ክዳኑን ፈታች። በሰሌዳው ላይ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ትንንሽ በርሜሎች ይኖራሉ፤ አናታቸው ልሙጥ መሆን አለበት። የእነዚህ ተነፍቷል፣ እንደ ተበላሸ የቆርቆሮ ምግብ።

«አየህ?» አለች። «ከፋብሪካው ክፉ ዕቃ ገብቶባቸው ነው። ሲሞቁ ይለቃሉ። ይሄን ለመያዝ ነበር ረጅሙን ፈተና የሠራሁት፣ ለዚሁ! አርባ ሦስት ይቅርና ዐሥር ሰዓት አይቆዩም ነበር። ታዲያ ፈተናዬ ምን ሲያይ ሰነበተ?»

ወደ ተነፉት በርሜሎች ጎንበስ አልኩ።

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው» አለች። ለእኔ አይደለም የምትናገረው፣ ለማሽኑ ነው። «ሒሳቡን ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ልክ ነው። ምናልባት እኔ ነኝ ያረጀሁት። ምናልባት ያንን ሁሉ ዓመት ደረጃ ስወለውል ጭንቅላቴ አብሮ ታጥቦ ሄዷል።» ከዚያ ቀና አለች። «ሳባ፣ አንተ እዚህ ነው የምትውለው። እሑድ ጠዋት ያየኸው የተለየ ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ደወሉን ተጫነች፣ ተከፈተላት፣ ወጣች። እኔ ካፖርቴን ለብሼ እዚያው ቀረሁ። ብናገር እባረራለሁ። በወረቀት ስድሳ አንድ፣ በጉልበት ሰባ፣ ዕብራይስጡ የተሰበረ፣ ከዚያም ዋሽቶ የተባረረ ሰውዬ ማን ይቀጥራል? ባልናገር እሷ ናት የምትወጣ። ሒሳብ ላሰላ ሞከርኩ፤ በየትም ብዞር ያው ብረቱ በር ነው። በዚያ ቀን አንድም ማሽን አልፈተንኩም። ዲስኩን በእጄ ይዤ ስገላብጠው መውጫ ሰዓት ደረሰ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሰገነት ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰንበትን ስጨምርበት ደረቴን ሳልነፋ አልቀረሁም። እሷ ጎመኗን አላቋረጠችም።

«እሺ» አለች። «ለሰንበት ብለህ አጠፋኸው። እሰይ። አርባ ሦስት ብለህ የጻፍከው ለማን ብለህ ነው?»

«ጻፍ ተብዬ ነዋ።»

«አጥፋ ተብለህ ነው ያጠፋኸው? አትታዘዝ ሲልህ አትታዘዝም፣ ታዘዝ ሲልህ ትታዘዛለህ፤ ጥሩ ብልኀት ነው።»

«ነገ ወደ ቄሱ ሄጄ ልጠይቅ» አልኩ።

«ምን ብለህ? ውሸት ይፈቀዳል ወይ ብለህ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ያባርሩኛል እኮ! የቤት ኪራዩስ? የልጅቷ ኮሌጅስ?»

ያን ጊዜ እጇን አቆመች። «እሷስ ሴትዮዋ? እናቷን የምታበላ ማን አላት?» አለች። ጎመኗን መልሳ እያነሣች ቀጠለች፦ «ያባርሩህ። አንተ መጥረጊያ ታውቅበታለህ፤ እኔም አውቅበታለሁ። እኔን የምታስፈራኝ ቤት ቁጭ ብለህ ፊትህን የጣልክ እንደሆነ ነው። እንዲህ ሆነህ ስድስት ዓመት አብሬህ አልቀመጥም።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራንም። ጎመኑን በላን። ጥሩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ዘበኛው «ምነው ሳባ፣ ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» እያለ ከፈተልኝ። ከተመለሱት ዐሥራ አራት ማሽኖች አንዱን፣ ያልተፈታውን፣ መደርደሪያ ላይ አውጥቼ ረጅሙን ፈተና አስነሣሁበት። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል። ከፊቱ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ኢንጂነሯ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ሥራ አስኪያጁም ተከትሏት ገባ። አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ።

«እኔ ነኝ። በየዓርቡ አጠፋዋለሁ፣ እሑድ ጠዋት አስነሣዋለሁ። ሁለት ሰዓት ነው የሚሠሩት። ቀሪውን ውሸት ነው የጻፍኩት።»

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ስክሪኑን አየ። «ይኸው አረንጓዴ ነው እኮ! ደህና ነው የሚሠራ!»

«እኔም ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የማየው» አልኩ። «ቆይ።»

«ጊዜ የለኝም።»

«ለረጅሙ ፈተናም ጊዜ አልነበራችሁም፣ ሰንበትን ነው የሰጣችሁት። ቆይ ነው የምልህ።»

ለምን እንደቆየ አላውቅም፤ ግን ቆየ። ሦስታችን በዚያ ብርድ ውስጥ ቆመን አንድ ማሽን እናያለን። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አረንጓዴ ነው። ባይሞትስ? አንድ ሞኝ ሽማግሌ ሴትዮዋን ለማዳን ተረት ፈጠረ ሊባል ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ሊዞር ሲል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገና ሳይሞላ፣ ያቺ ደቂቃ የምትቆጥረው ሰዓት ቆመች። ስክሪኑ ቀላ፣ ከዚያ ጨለመ።

ኢንጂነሯ ማሽኑን አይደለም፣ እኔን ነው የምታየው።

«ጠይቄህ ነበር» አለች። «ትናንት እኮ ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ «አንቺ ወደ ሥራሽ» አለ፤ ወደ እኔ ደግሞ ካርዱን በሩ ላይ አድርጎ ከፈተና፣ በሩን በክርኑ ደግፎ «ውጣ» አለኝ።

እኔ ግን ደብተሩን ሳብኩ። ከፋሲካ ወዲህ ያለውን የመጀመሪያ ገጽ ገለጥኩ፣ እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ፣ አርባ ሦስቱን ሰረዝኩና በጎኑ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከዚያ የሚቀጥለውን። «ሳባ፣ በቃ፣ ውጣ!» ሲል እሰማዋለሁ። ገጹን ገለበጥኩና ከላይ ጀመርኩ፤ የመጨረሻውን መስመር እስክጨርስ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣሁም።